አለቃ አሉ

ሕፃናትን ያስደሰተ ሰው በውጭ አገር እንዴት እንደሚከበር ሰምታችሁ ይሆናል። በዴንማርክ ኦደንሴ የምትባል ከተማ አለች። ስለ አስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት ተረት የጻፈው ሐንስ ክርስቲያን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1805 የድኻ ጫማ ሰፊ ልጅ ሆኖ የተወለደው በዚያ ነው። ተወለደባት የምትባለውን ትንሽ ቤት ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. በ1908 ሙዚየም አደረገቻት፤ ከዚያ ወዲህ አባት የልጁን እጅ ይዞ ይጎበኛታል። በቱርክ አገር ደግሞ አክሼሂር በሚባለው ከተማ የቀልደኛው የናስረዲን ሆጃ መቃብር ይታያል። በፊት ለፊቱ ትልቅ ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር አለው፤ በጎኑ ግን ግድግዳ የለውምና ማንም እንደ ልቡ ይገባል። ሰውዬው ሞቶም ቀልዱን አልተወም ማለት ነው።

የኛስ ልጆች የሳቁት በማን ነው? መልሱን ከእኔ አትጠብቁም። በአማርኛ ተረት ያደገ ሰው ሁሉ፣ እሳት ዳር ተቀምጦ እግሩን ሲያሞቅ ወይም በትምህርት ቤት ደጃፍ በዕረፍት ሰዓት፣ የአለቃ ገብረ ሐናን ነገር ሰምቷል። አለቃ ለልጆች ብለው የጻፉት መጽሐፍ የለም፤ ስለዚህ «ደራሲ» የሚለውን ስም ልስጣቸው ብል የሥነ ጽሑፍ መምህራን ይከራከሩኝ ይሆናል። ይከራከሩ። መጽሐፋቸው በሚያምር ሥዕል ታትሞ አንድም ልጅ ያላነበባቸው ደራስያን ስንት ናቸው? እርሳቸው ግን ሳይጽፉ በየልጁ አፍ ገብተዋል።

ነገሩን ያነሣሁት በክፍል ውስጥ ስለ ተጠየቅሁ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዲቱ እጅዋን አውጥታ፣ «ቲቸር፤ አለቃ ገብረ ሐና በእውነት የነበሩ ሰው ናቸው ወይስ እንደ ጦጣና ቀበሮ የተረት ናቸው?» አለችኝ። የነበሩ ሰው መሆናቸውን ነገርኋት። «አገራቸው የት ነው? ሥራቸውስ ምን ነበር?» ስትል አስከተለች። አገራቸው ፎገራ መሆኑን ተናግሬ ወደ ሥራቸው ስደርስ ደወል ተደወለ፤ ደወሉ ባይደወልም ኖሮ ነገሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ አልነበረም። የሴሚስተሩ ዕረፍት ሲደርስ ሻንጣዬን አንሥቼ ወደዚያው ሄድሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ታቦር 660 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ የሚጓዝ ሰው ባሕር ዳር አድሮ በማግሥቱ ቢቀጥል ይሻለዋል። ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ወረታ ይደርሳል። ወረታ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። እኔ ግን በመጀመሪያ ወደ ሁለቱም አልሄድሁም፤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና ዳር ወረድሁ።

አለቃ ተወለዱበት የሚባለው ናበጋ ጊዮርጊስ በዚሁ በፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ዓይን እስኪደክም ድረስ ዝርግ ነው፤ በየካቲት ስታዩት የሩዝ ገለባ በየቦታው ተከምሮ፣ የፎገራ ላም ዙሪያውን ቆማ ታመነዥጋለች። ሩዝ ወደዚህ አገር የገባው በ1970ዎቹ ነው፤ ዛሬ የፎገራ ሰው ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል። አለቃ ይህን እንጀራ ሳያዩ ሞቱ። አይተው ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ሳይሉ ባላለፉት።

ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ ይህን ሜዳ ሰንጥቀው ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲሆን ግን ሁልጊዜ በመንገዳቸው አይሄዱም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ያጥለቀለቁት ጎርፍ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ከኅዳር ወዲህ አድርጉት። እኔም የተወለዱበትን ቤት አሳዩኝ ብዬ አልጠየቅሁም። አለቃ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፤ የጭቃና የሣር ቤት፣ ያውም ውኃ በሚመላለስበት ሜዳ፣ ያን ያህል ዘመን አይጠብቅም። ኦደንሴ የድንጋይና የጡብ ከተማ ናት፤ ፎገራ ሌላ ነው።

ከዛፍ ጥላ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። እጅ ነሥቼ ቆምሁ።

«ከየት መጣህ ልጄ?» አሉኝ።

«ከአዲስ አበባ ነው አባቴ። የአለቃን አገር ላይ ብዬ ነው።»

«ለቀልዱ ነው?»

«ለቀልዱም፣ ለሌላውም።»

«ለቀልዱስ እዚህ ድረስ ባልደከምህ፤ እዚያው ከተማ በብር ይሸጥ የለም? ሥራቸውን ካሻህ ግን ወደ ደጋው ውጣ። ደብረ ታቦር ነው ያለ።»

ሽማግሌው ስለ ሥራቸው ያወሩልኝን ወደ ኋላ አደርሰዋለሁ። አሁን ስለዚያ በብር ስለሚሸጠው ጥቂት ልናገር፤ መምህር ነኝና ሰሌዳ ሳልይዝ ማለፍ አይሆንልኝም።

የአለቃ ቀልዶች ተብለው በየአውቶቡስ መናኸሪያው የሚዞሩትን ትንንሽ መጻሕፍት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከውስጣቸው ግማሹ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው። ለምሳሌ አለቃ አህያ የሚነዱ ሴቶች አግኝተው «እንደምን ዋላችሁ የአህያ እናቶች» ቢሏቸው፣ ሴቶቹ «ደኅና ነን ልጃችን» ብለው መለሱላቸው የሚባለው አለ። ይህንኑ ቀልድ የአውሮፓም ሰዎች በሌላ ሰው ስም ያወሩታል። የደጋው ጅረት ሁሉ ወደ ርብና ወደ ጉማራ እንደሚወርድ፣ ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ወደ አለቃ ይወርዳል። በዚህ አላዝንም፤ ትልቅ ወንዝ የሚሆነው እንዲህ ነው። ይሁን እንጂ ከሌላ አገር ሊመጣ የማይችል፣ አማርኛ ብቻ የሚወልደው የቀልድ ዓይነት አለ፤ የእርሳቸውን እጅ የምፈልገው በዚያ ውስጥ ነው።

አማርኛ ሲጻፍ ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም። ይህን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ተምረነዋል፤ ምን ያህል እንደሚያስከፍለን ግን አናስበውም። በሰሌዳ ላይ «ጅብ ይበላል» ብዬ ጽፌ ተማሪውን አንብብ አልሁት። አላልቶ ቢያነበው ጅቡ በላተኛ ሆነ፤ ሌላው ተነሥቶ «በ»ንና «ለ»ን ቢያጠብቃቸው ጅቡ ራሱ ተበልቶ ዐረፈ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፊደሉ ግን በሰሌዳው ላይ እንደ ተጻፈ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልተጨመረበትም። በአለቃ ስም ከሚነገረው ቀልድ ምርጥ ምርጡ የሚያልፈው በዚህች ቀዳዳ ነው። አንዱ ቃል ላልቶ ሲሰማ ምስጋና፣ ጠብቆ ሲሰማ ስድብ ይሆናል፤ ወይም ሁለት ቃላት ሲገጣጠሙ ማንም ያላሰበው ሦስተኛ ቃል ይወጣል። የቅኔ ቤት ሰዎች ኅብር የሚሉት ነው። ተናጋሪው ጌታ ፊት ቆሞ የተናገረውን፣ ጌታው በአንዱ ጆሮ ሰምቶ ፈገግ ሲል፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው በሌላው ጆሮ ሰምቶ አፉን በጋቢው ይሸፍናል።

እንግዲህ ይህን በወረቀት ላይ አትሙት! አሳታሚው ጨንቆት «ሲጠብቅ እንዲህ ማለት ነው፣ ሲላላ ደግሞ እንዲያ» እያለ በቅንፍ ያስገባል፤ ማብራሪያው ሲያልቅ ሳቁ እንደ አደረ ሽሮ ቀዝቅዞ ይገኛል። ልጆች መጽሐፉን ገዝተው አንብበው «ይሄ ምኑ ያስቃል?» የሚሉት ደንቁረው አይደለም። ቀልዱ የሚኖረው አፍ ላይ ስለ ሆነ ነው። የተረቱ መክፈቻ እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ሁሉም «አለቃ አሉ» ብሎ ይነሣል። «ለ»ን አላልታችሁ ብታነቡት ተናገሩ ማለት ነው። ብታጠብቁት ደግሞ አልሄዱም፣ እዚሁ ናቸው ማለት ይሆናል። ናበጋ ሳለሁ በመጀመሪያው መንገድ አነብበው ነበር።

በነገራችን ላይ ስለ ባለቤታቸው ስለ ወይዘሮ ማዘንጊያም አንድ ቃል ልበል። ልጆች እርሳቸውንም ያውቋቸዋል፤ ስማቸው ራሱ ለቀልድ የተሰጠ ነው። ይሁንና «የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች» የሚል መጽሐፍ እንጂ «የወይዘሮ ማዘንጊያ መልሶች» የሚል አላየሁም። ከእናንተ መካከል ለአያቶቹ ቅርብ የሆነ ሰው ቢሰበስበው እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። እርሳቸው የነገሩኝ በሊቃውንቱም ዘንድ ከሚነገረው ጋር የሚስማማ ነው። አለቃ በጎንደር የተማሩ፣ ቅኔና ዐቋቋም የጠለቁ ሊቅ ነበሩ፤ የጎንደር በዓታ አለቃ ሆነው አገልግለዋል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ኖረው፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደግሞ ወደ ሸዋ ወርደው በእንጦጦና በአዲስ አበባ ተቀምጠዋል። በመካከሉ በጣና ደሴቶች ሳሉ ለማኅሌት አዲስ አቋቋም አወጡ። ሐሳቡን ያገኙት ከሐይቁ ማዕበል ነው የሚሉ አሉ፤ በነፋስ ከሚወዛወዘው ደንገል ነው የሚሉም አሉ። ሽማግሌው ደንገሉን መረጡ፤ እጃቸውን አንሥተው ወደ ቀኝና ወደ ግራ አወዛወዙልኝ።

አለቃ ይህን አዲስ ስልት ለጎንደር ሊቃውንት ቢያቀርቡት አልተቀበሏቸውም። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው ከአባቶቹ ያልተቀበለውን ነገር በጥርጣሬ ያያል። እኔ እንደሚመስለኝ ደግሞ ቀልዳቸው ራሱ ሳይጎዳቸው አልቀረም፤ በየግብዣው ሲያስቁ የኖሩ ሰው አንድ ቀን አምርረው አዲስ ነገር ቢያመጡ «ይኸም ከቀልዱ አንዱ ነው» የሚል አይጠፋም። በሳቅ የታወቀ ሰው ሲያለቅስ እንኳ የሚያምነው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ምን አደረጉ? ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም ይዞት ወደ ደብረ ታቦር ወጣ፤ በዚያ ተቀባይ አገኘ፤ ተማሪ ተሰበሰበ። ስልቱ እስከ ዛሬ «ተክሌ» ይባላል። ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ የአባትየው ስም በቀልዱ ላይ ተጣበቀ፤ በሥራው ላይ ግን የቀረው የልጁ ስም ነው። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ላይ ሆኖ አለቃን የሚያውቅ ሰው ተክሌን የማያውቀው፤ የሚያውቀውም ቢሆን የአባትና የልጅ ነገር መሆኑን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም።

ከወረታ ተመልሼ ወደ ደጋው ወጣሁ። ዓለም በርን ካለፋችሁ በኋላ አየሩ ይለወጣል፤ ሜዳው ወደ ኋላ እየወረደ፣ ባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ እየበዛ፣ የመኪናው መስኮት አንድ በአንድ ይዘጋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉና ከምሥራቅ በኩል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይመለከታታል። ካፖርት ያልያዘ ሰው ይጸጸታል።

የከተማዪቱን ታሪክ በሙሉ እዚህ ልጽፈው አልችልም። የየጁው ራስ ጉግሣ መሠረቷት፤ ራስ ዓሊ በ1834 ዓ.ም. ከደጃዝማች ውቤ ጋር ጦርነት የገጠሙት በዚያው አጠገብ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስም መናገሻ አድርገዋታል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ሴባስቶፖል የተሠራው ለከተማዪቱ ቅርብ በሆነችው በጋፋት ነው። ይህን ሁሉ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተምራችኋል። ስሟ የተገኘው በቅዱሳት መጻሕፍት ከሚነገረው ከታቦር ተራራ መሆኑንም ታውቃላችሁ፤ ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ሙልሙል የሚለምኑበት በዓል ስሙ ደብረ ታቦር ነው። የልጆች ሁሉ በዓል የስሟ ባለቤት የሆነች ከተማ የልጆችን ሁሉ ቀልደኛ ሥራ ተቀብላ አስቀመጠች፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ያማረ አጋጣሚ ነው።

በዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ ላለፋችሁት ዐቋቋም ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ልንገራችሁ። ድጓ የሚዘመረው በቃል ነው፤ ዐቋቋም ደግሞ ያንኑ ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ እንዴት ቆሞ ማገልገል እንደሚገባ የሚያስተምር ነው። ቁም ዜማ አለ፣ ዝማሜ አለ፣ መረግድና ጽፋት አለ፣ ወረብ አለ። በዝማሜ ጊዜ መቋሚያው በዜማው ልክ ይሄዳል ይመለሳል። በተክሌ ስልት ግን መቋሚያው ብቻውን አይሄድም፤ ሰውነት አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይተኛል፤ ሃያ ሰው በአንድ ረድፍ ቆሞ ሲያደርገው ሽማግሌው በእጃቸው ያሳዩኝን ደንገል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

የደቡብ ጎንደር ደጋ የዚህ ሁሉ ትምህርት አገር ነው። ድጓ ለመመስከር የሚፈልግ ሰው ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ዙር አምባ ይወጣል፤ ተክሌን የሚሻ ደብረ ታቦር ይመጣል። ሰው ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ በእግሩ እየተነሣ እነዚህን ቦታዎች ሲያቋርጥ የኖረው ዩኒቨርሲቲ የሚባል ስም በአገራችን ከመሰማቱ በፊት ነው።

ከከተማዪቱ አድባራት በአንዱ ቅጥር አጠገብ የተማሪዎች ጎጆ አየሁ። አንዲቱ ጎጆ ሁለት ሰው ታስተኛለች፤ ሦስት ይተኙባታል። በሯ ተጎንብሰው የሚገቡባት ናት። ከደጃፉ አንድ ወጣት ተቀምጦ አዲስ መቋሚያ በቢላዋ ይፍቅ ነበር። ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ከዳሞት በስምንት ዓመቱ ወጥቶ፣ ፊደልና ውዳሴ ማርያም ቆጥሮ፣ ድጓውን ሌላ ቦታ ተምሮ፣ እዚህ ከመጣ አራተኛ ዓመቱ ነው።

«ምን ትማራለህ?» አልሁት።

«ተክሌን ነው የምማር ጋሼ።»

ሰው የነበረው ስም ትምህርት ሆኖ ከአፉ ሲወጣ ደስ አለኝ። ስለ አለቃ ቀልድ ባነሣበት ግን ፊቱ ጥቂት ተለወጠ፤ በአክብሮት «እሳቸው እኮ መምህራችን ናቸው» አለኝ። እኔ የሄድሁት ስማቸው ሲጠራ ሰው ሁሉ ሊስቅ ከሚጀምርበት አገር ነው፤ በዚያ ደጃፍ ግን ስማቸው ሲጠራ የሚስቅ አልነበረም።

ስልክ አለው፤ ተማሪዎቹ ተካፍለው የሚጠቀሙበት አሮጌ ስልክ ነው። ውስጡ የጥምቀትና የልደት ማኅሌት ሞልቶታል። «እንግዲያውስ ከዚህ አይታችሁ ብትማሩስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጁ ሳቀ። የኔታ ይህንኑ ጠይቀዋቸው የነበሩ ተማሪዎችን ምን እንዳሏቸው ነገረኝ፦ «እናንተ ስልኩን ታያላችሁ፤ ስልኩ ግን እናንተን አያይም።» ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማስተማሪያ ዘዴ ይዤ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከዚህ የሚበልጥ ዐረፍተ ነገር በዚያ አልሰማሁም።

ይህን ሳስብ የቀልዱና የዝማሜው ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓ ምልክት አወጡለት፤ ከፊደሉ በላይ በቀጭኑ የሚጻፈው ነው፤ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ይናገራል። ጉልበት የት እንደሚላላ፣ ትከሻ መቼ እንደሚከተል ግን የሚናገር ምልክት የለም። ፊደላችንም ማጥበቅን አይናገርም። አለቃ ያስቀመጡልን ሁለቱም ነገር፣ ቀልዱም ዝማሜውም፣ ወረቀት የማይዘው ሆኖ ተገኘ። አንዱ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ለሌላው ካልሰጠው በቀር መተላለፊያ የለውም። አንደርሰን አንድ ትውልድ ቢረሳው መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቆየዋል። የአለቃ መደርደሪያ ያ መቋሚያ የሚፍቀው ልጅ ነው።

ልጁ ግን ይቆይ አይቆይ ራሱም እርግጠኛ አይደለም። የሚበላው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የሚያገኘውን ቁራሽ ነው፤ ኑሮ ሲከብድ ቁራሹም ያንሳል። ቀድመውት ከመጡት አንዱ ባለፈው ዓመት ወደ ባሕር ዳር ወርዶ ድንጋይ ይሸከማል። ከሁሉ ይልቅ ያስከፋው ግን ረኀቡ አልነበረም። ከኪሱ መታወቂያውን አውጥቶ አሳየኝ። በአንድ ቢሮ መስኮት ላይ የሰጡት ነው። ስሙ፣ ዕድሜው፣ የትውልድ ቦታው በትክክል ተጽፏል። «ሥራ» በሚለው መስመር ላይ «ሥራ የለውም» ይላል።

«ተማሪ ነኝ ብለሃቸው ነበር?» አልሁት።

«ብያለሁ። ‹የየትኛው ትምህርት ቤት? ወረቀትህን አምጣ› አሉኝ። የኛ ትምህርት ወረቀት የለውም፤ የኔታን ልጥራ ወይ ብል ሰልፉ ረዥም ነው አሉኝ።»

እናንተ ከመስኮቱ በወዲያኛው በኩል የተቀመጣችሁ አንባቢዎቼ፤ ሰልፉ ረዥም መሆኑን አውቃለሁ። ቅጹም የእናንተ ሥራ አይደለም። ይሁንና አስቡት፤ በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓላችን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሲገባ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ በየቢሮውም እንኳን ደስ አላችሁ ተባብለናል። ጥር 11 ቀን ጎብኚው ፎቶግራፍ የሚያነሣው ነጭ ለብሶ መቋሚያ ይዞ በረድፍ የቆመውን ነው። በዚያ ረድፍ ለመቆም አሥራ አንድ ዓመት የተማረው ልጅ በመዝገባችን ሥራ የሌለው ነው። አለቃ በሕይወት ኖረው ይህን መታወቂያ ቢያዩት፣ አንዱን ቃል አጥብቀው ሌላውን አላልተው፣ ጸሐፊው ሳይገባው የሚያመሰግናቸውን አንድ ነገር ይናገሩ ነበር። እኔ እንደ እርሳቸው አልችልም፤ ስለዚህ በግልጽ እናገራለሁ። ሰውየው ተማሪ ነው። ሦስት ፊደል ናት፤ በዚያች መስመር ላይ በደንብ ትገባለች።

ስሰናበተው ማምሻ ነበርና ከቅጥሩ ውስጥ ከበሮ ይሰማ ጀመር። የኔታ ቤት መኖራቸውን ጠየቅሁት፤ ሰላም ብያቸው ልሂድ ብዬ ነው። «አሉ» አለኝ፤ «ለ»ን አጥብቆ። መቋሚያውን አንሥቶ እየመራኝ ገባ። እርሳቸውም መቀመጫ አስመጥተው፣ ከየት እንደመጣሁ ጠይቀው፣ ሲያስተምሩ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ልጁን ሦስት ጊዜ መለሱት፤ በአራተኛው ዝም አሏቸው፤ በእርሳቸው ዘንድ ዝምታ ማለፊያ ነው መሰለኝ።

መታወቂያው የሚታደሰው በሰኔ ነው።